የግዝቱ ሳምንት

ባሌን መጠርጠር የጀመርኩት መጠጥ ያቆመ ዕለት ነው። ሲጠጣማ ምኑ ይጠረጠራል? በር ላይ ቆሞ ቁልፉ ቀዳዳውን ሲስት፣ ከመኝታ ቤት ሆኜ ስንት መለኪያ እንደቀመሰ መናገር እችል ነበር። የሚያስፈራው "አቆምኩ" ሲል ነው። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ አቁሞልኝ ነበር። አንዱን ጊዜ ጠርሙሱን ከሽንት ቤቱ የውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ አወጣሁት፤ ሁለተኛውን ጊዜ ከልጃችን የዝናብ ቦት ጫማ ውስጥ። አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይሄ ነው። ስለዚህ ተጠራጣሪ ነሽ የሚለኝ ሰው ሲመጣ፣ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብዬ እመልስለት ነበር።

ውባንቺ እባላለሁ። ናይሮቢ፣ ኢስትሊ ውስጥ ትንሽ ምግብ ቤት አለችኝ፤ ከኋላዋ ባለው ግቢ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ከባሌ ከሥዩምና ከልጃችን ከሳምራዊት ጋር እንኖራለን። ሥዩም ኢምባካሲ፣ አየር ማረፊያው አጠገብ፣ የነጋዴ ዕቃ ከጉምሩክ የማስለቀቅ ሥራ ይሠራል። ጥሩ ሰው ነው። ክፉ ቃል አይወጣውም፣ ሰክሮ እንኳ ጫማውን አውልቆ ነው የሚገባው። ግን ይጠጣል። ከጠዋት ይጀምራል፣ "አንጎበሬን ልስበር" ይልና አንድ መለኪያ አረቄ ይጨልጣል፤ ከዚያ እጁ ይረጋል፣ ቀኑን ሙሉ እየደጋገመ ይውላል። ሃያ ዓመት እንዲህ ኖረ፣ አሥራ ሰባቱን ከእኔ ጋር።

በዘጠና ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ ዐቢይ ጾም ሊገባ በቅበላው እሑድ፣ ቁርጡን ነገርኩት። ወይ ግዝት ትገባለህ፣ ወይ ልጄን ይዤ እወጣለሁ አልኩት። እንግዲህ ለእኛ ሰው ግዝት ቀልድ አይደለም። ዝም ብሎ "እተዋለሁ" ያለ ሰው ነገ ቢቀምስ ሰው ነው የሚታዘበው፤ ግዝት ገብቶ ያፈረሰ ግን ከእግዚአብሔር ጋር ነው የሚጣላ። የንስሐ አባታችን ቤታችን መጡ። ሥዩም ጫማውን አውልቆ ቆመና መስቀሉን ይዞ፣ "ከዛሬ ጀምሮ ጠብታ አልኮል ባፌ ቢዞር እንደ አርዮስ ውጉዝ ልሁን" አለ።

አባ ከመገዘታቸው በፊት፣ "ልጄ፣ በቀን ምን ያህል ነው የምትጠጣው?" ብለው ጠይቀውት ነበር። እሱ አፉን ሳይከፍት እኔ ቀደምኩ። "አባ፣ እሱን ይተዉት፤ ብቻ ይገዝቱልኝ" አልኳቸው። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ ያን ቀን።

ሰኞ ጠዋት ሻይ ሰጠሁት። ብርጭቆው ከማስቀመጫ ሳህኑ ጋር ይንቀጫቀጭ ጀመር፤ ግማሹ ሸሚዙ ላይ ተደፋ። ያንን መንቀጥቀጥ እኔ ከማንም በላይ አውቀዋለሁ፤ የጠጪ ጠዋት ነው። ሰው ካልጠጣ ምን ያንቀጠቅጠዋል? ቀና ብዬ አየሁት፤ ግንባሩ በላብ ወርዝቷል፣ ገና አንድ ሰዓት ሳይሞላ።

"እፍ በልልኝ፣ ላሽትትህ" አልኩት።

"ውቤ፣ ማርያምን ምንም አልቀመስኩም" አለኝ። አፉን ከፈተልኝ፣ እንደ ሕፃን። ዝንጅብል ብቻ ነው የሚሸተው። ታዲያ ይሄ እኔን አረጋጋኝ? እንዲያውም ባሰብኝ። አሁን ደግሞ ሽታውን ማጥፋት ተማረ አልኩ። ሥራ አልሄድም ብሎ ሲተኛ ቤቱን ገለበጥኩት፤ ማጠራቀሚያውን፣ ቦት ጫማውን፣ የዱቄቱን ከረጢት፣ የላምባውን ጀሪካን ሳይቀር። ምንም የለም። ስለሌለ አይደለም፣ ስለተራቀቀብኝ ነው አልኩና ዘጋሁት።

ሳምራዊት ከትምህርት ቤት ስትመለስ አባቷን አየችና ወደ ወጥ ቤት መጣች። ናይሮቢ ያደገች ልጅ ናት፣ አማርኛዋ ከእንግሊዝኛ ሳይቀላቀል አይወጣም። "ማሚ፣ ዳዲ ድራንክ አይደለም። ሂ ኢዝ ሲክ። ዶክተር ጋ እንውሰደው" አለችኝ።

"አንቺ ልጅ፣ ስካርን ለእኔ ታስተምሪኛለሽ?" አልኳትና ሽንኩርቴን ቀጠልኩ።

ማክሰኞ ጠዋት በአራት ሰዓት ዑቅባማርያም መጣ። አሁን ጋሼ ዑቅባ ነው የምላቸው፤ ያኔ ግን በልቤ አንቱ አልላቸውም ነበርና እንደነበረው ልናገር። ኢምባካሲ መጋዘን ጠባቂ የሆነ፣ ስድሳውን ያለፈ ኤርትራዊ ነው። አማርኛው ከእኔ ይጠራል፤ ወጣትነቱን በሙሉ በኢትዮጵያ ጦር ውስጥ ድሬሰር ሆኖ፣ ቁስል እያጠበ መርፌ እየወጋ ያሳለፈ ሰው ነው። የባሌ ጓደኛ ነው፣ ግን የመጠጥ ጓደኛው አይደለም፤ ቢራ እንኳ አይቀምስም። የማይጠጣ ሰው የሚጠጣን ሰው ለምን ይወዳል? ይሄም ያጠራጥረኝ ነበር። በዚያ ላይ ከባድመው ጦርነት ወዲህ እኛና እነሱ ኢስትሊ መንገድ ላይ ሰላም ብንባባልም፣ ሰላምታው ከጥርስ አያልፍም ነበር።

ትንሽ ፔርሙዝ ይዟል። "ሥዩም አሞታል ሲሉ ሰማሁ" አለኝና ወደ ጓዳ ገባ። በሩ ተዘጋ። አሥር ደቂቃ ያህል ቆይቶ ወጣ፣ ባርኔጣውን አነሳልኝና ሄደ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሥዩም ተነስቶ ፊቱን ታጠበ። ሽሮ በላ፣ ዝንጅብል አኘከ። እጁ ረግቷል።

እኔ ደግሞ እጁን አየሁት። ጉድ ነው አልኩ በሆዴ።

ከሰዓት በኋላ በአሥር ሰዓት ዑቅባማርያም ተመልሶ መጣ። ማታ ከመሸም አንድ ጊዜ ብቅ አለ። እንደገና በር ይዘጋል፣ እንደገና አሥር ደቂቃ፣ እንደገና ሥዩም ይረጋጋል። "ምንድን ነው የሚያመጣልህ?" ስለው "የሥጋ ሾርባ" አለኝ። በዐቢይ ጾም፣ በመጀመሪያው ሳምንት፣ የሥጋ ሾርባ። ውሸት እንኳ መዋሸት ጠፍቶበት ነበር ምስኪኑ።

ረቡዕ ልብስ ላሰጣ ብዬ ግቢ ወጣሁ። የሚሰጣ ልብስ አልነበረኝም፤ እርጥብ ፎጣ ሁለት ጊዜ ጨምቄ ይዤ ነው የወጣሁት። የጓዳው መስኮት መጋረጃ ጫፉ ላይ አይገጥምም። በዚያች ስንጥቅ ዓይኔን አስገባሁ። ሥዩም አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ዑቅባማርያም ጀርባውን ሰጥቶኝ ከኪሱ የሆነ ነገር አወጣ፤ ወደ ብርሃኑ ቀና አድርጎ አየው። የመርፌ ስሪንጅ ነው።

ያን ጊዜ ኢስትሊ ውስጥ ስለ መርፌና ስለ ነጭ ዱቄት የማይወራ ነገር አልነበረም፤ የስንቱ ቤት ልጅ እንደዚያ ነው የጠፋው። ከአረቄ አውጥቶ መርፌ ላይ ጣለልኝ አልኩ። ለምን እንደሆነ ግን አልገባኝም። ምን በደልነው? ጦርነቱን እኔ አልጀመርኩት። ሥዩም ሲተኛ እጅጌውን ሰብስቤ ክንዱን ፈተሽኩ፤ በእግር ጣቶቹ መካከል ሁሉ አየሁ። አንድም የመርፌ ቀዳዳ የለም። መተንፈስ ሲገባኝ፣ ይሄስ የት ወጋው እያልኩ አመሸሁ።

ለሳምራዊት አልነገርኳትም። ለአባም አልደወልኩም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፣ እጅ ከፍንጅ ልይዘው ነው ብዬ ወሰንኩ።

ሐሙስ በአራት ሰዓት ዑቅባማርያም ገባ። እስከ መቶ ቆጠርኩና በሩን በርግጄ ገባሁ። በስሪንጁ ከፔርሙዙ እየቀዳ ብርጭቆ ውስጥ ሲያንጠባጥብ ደረስኩበት፤ መርፌ የለውም፣ ለመለኪያ ነው የያዘው። ሥዩም ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ ይጠብቃል። ክፍሉ አረቄ አረቄ ይሸታል። በመስኮት ያልደረሰኝ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው።

ሥዩም ዓይኑን ጨፈነ። ዑቅባማርያም ግን አልደነገጠም። "ውባንቺ፣ ተቀመጪ፣ ላስረዳሽ" አለኝ።

"አንተ ሰውዬ" አልኩት። አባቴ የሚሆንን ሰው አንተ ማለት ምን እንደሆነ የኔ አገር ሰው ያውቀዋል። "ግዝት የገባ ሰው ነው ይሄ። እያወቅህ ነው?"

"አውቃለሁ። ነግሮኛል። ስሚኝ፤ ሃያ ዓመት ሰውነቱ በአረቄ ነው የኖረ። በአንድ ቀን ሲነጠቅ አንጎሉ ይታወካል፣ ያንዘፈዝፈዋል፣ ይጥለዋል። ሰኞ ያየሽው መንቀጥቀጥ የመጠጣቱ አይደለም፣ የማቆሙ ነው። ሐኪም ቤት እንሂድ፣ ለዚህ መድኃኒት አላቸው፣ ብዬ ብለምነው እምቢ አለኝ። ስለዚህ እየለካሁ በየቀኑ እየቀነስኩለት ነው። ይሄ የድሃ ሕክምና ነው፣ ትክክለኛው አይደለም። ግን ከምንም ይሻላል።"

"ሰው ባለመጠጣቱ ሞተ ሲባል ሰምተህ ታውቃለህ?"

"አይቼ አውቃለሁ" አለኝ። "ሁለት ወታደሮች፣ እስር ቤት ገብተው መጠጥ የተከለከሉ። አንዱ እጄ ላይ ነው ያለፈ።"

ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር፤ ውሸታም ድምፅ አልነበረም። እኔ ግን ይህን የምለው ዛሬ ነው። ያኔ የሰማሁት ነገር ቢኖር ብልጥ ሰው ያዘጋጀው ተረት ነው። ሥዩም፣ "ውቤ፣ እኔ ነኝ የለመንኩት" ብሎ ማልቀስ ጀመረ። ይሄ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ። ፔርሙዙን ነጥቄ ግቢው ውስጥ ካለው የፍሳሽ ቦይ ደፋሁት። ከዚያ ለዑቅባማርያም ያልኩትን ዛሬም ስናገረው ያሳፍረኛል። "አገር ማፍረሳችሁ አንሶ ቤቴን ልታፈርስ መጣህ" አልኩት። ደንበኞቼ በሙሉ ሰሙ።

እሱ ባርኔጣውን አደረገ። "ደፍተሽዋል፣ እሺ። ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ውሰጂው። እኔን ጥዪኝ፣ እሱን ግን ውሰጂው" ብሎኝ ወጣ።

አልወሰድኩትም። ጓዳውን ቆልፌ ቁልፉን ጡቴ ሥር ሻጥኩት።

ዓርብ ጠዋት መንቀጥቀጡ ከእጁ አልፎ አገጩ ደርሶ ነበር። የሰጠሁትን ሁሉ አስመለሰው። ልቡ በሸሚዙ ላይ ስትዘል ትታያለች። ከሰዓት በኋላ ግድግዳው ላይ ጉንዳን አየሁ አለኝ፤ ጉንዳን የለም። ከዚያ የሞተ ወንድሙን ጠራና ወንበር ሳበለት፣ "ተቀመጥ፣ ቆመህ አትቅር" እያለ። አሁን ምን እንዳሰብኩ ልንገራችሁ፤ ማንም ሌላ ሰው ይህን አያስብም፣ የኛ ሰው ብቻ ነው የሚያስብ። ግዝቱ ያዘው አልኩ። ቃሉን አፈረሰ፣ ግዝቱ ደረሰበት፣ አእምሮውን ነሳው። እንዲህ ሲሆን ሐኪም ምን ያደርጋል? ጠበል አመጣሁና ረጨሁት። በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ሌላ ረጨሁት። ለአባ ደወልኩ፤ ስልካቸው አይነሳም፣ ጸሎት ላይ ነበሩ። "አምላኬ፣ ቅጣቱን አቅልልለት" እያልኩ እግሩ ሥር ተቀምጬ አለቀስኩ። ቅጣቱ እኔ እንደሆንኩ ማን ይንገረኝ።

ሳምራዊት በሩ ላይ ቆማ ታያለች። "ማሚ፣ ፕሊዝ፣ አንክል ዑቅባን ልጥራው" አለች። የዚያን ሰው ስም ቤቴ ውስጥ እንዳትጠሪ አልኳት።

ቅዳሜ ጠዋት ምሳ እያሰናዳን ሳለ ከጓዳ የሚያስፈራ ድምፅ ሰማሁ፤ ሰው እያቃሰተ ትንፋሽ ሲያጥረው ዓይነት። ሮጬ ከፈትኩ። ሥዩም መሬት ላይ ወድቆ መላ አካሉ ይንዘፈዘፋል፣ ጥርሱ ገጥሟል፣ ከአፉ አረፋ ይወጣል፣ ከንፈሩ ጠቁሯል። ማንኪያ ባፉ ላስገባ ስል ከኋላዬ አንድ እጅ ያዘኝ። ጋሼ ዑቅባ ናቸው። ልጄ ለካ ሌሊቱን በድብቅ ደውላላቸው፣ ከንጋት ጀምሮ ከምግብ ቤቱ ማዶ ቆመው ነበር። እንደማላስገባቸው ስለሚያውቁ።

"አፉን ተዪው" አሉኝ። በጎኑ አስተኙት፣ ጋቢያቸውን ከራሱ ሥር አደረጉ፣ ሰዓታቸውን እያዩ ቆጠሩ። መንዘፍዘፉ ሲያበቃ ከደንበኞቼ ጋር ተሸክመው ታክሲ ላይ ጫኑት። እኔ ነጠላዬን እንኳ አላነሳሁም፣ የወጥ ቤት ሽርጤን እንደለበስኩ ነው የገባሁት።

ሆስፒታል ስንደርስ አንዲት ወጣት ሐኪም ተቀበለችን፣ ኬንያዊት፣ ቀጭን፣ ፈጣን። ሳምራዊት ታስተረጉምልኛለች።

"ለመጨረሻ ጊዜ የጠጣው መቼ ነው?"

ሳምራዊት ወደ እኔ ዞረች። ጋሼ ዑቅባም ዞሩ፤ እሳቸው ሊመልሱ ይችሉ ነበር፣ ግን ለእኔ ተዉት።

"ረቡዕ ማታ" አልኩ።

"ቀስ በቀስ እየቀነሰ ነበር ወይስ በአንዴ?"

"እየቀነሰ ነበር።"

"ታዲያ ለምን ቆመ?"

"እኔ አስቆምኩት" አልኩ። ሳምራዊት ይህን ስታስተረጉም ዓይኔን አላየችም። ሐኪሟ አልገሠጸችኝም፤ ብትገሥጸኝ ይቀለኝ ነበር። ጻፈችና መርፌ አዘዘች። የሚያረጋጋ መድኃኒት ነው፣ በየሰዓቱ ይሰጠዋል፣ ከዚያ በየቀኑ እየቀነስን እንተወዋለን አለች። እየቀነስን። ያንኑ ቃል፣ ጋሼ ዑቅባ ያሉትን። አንድ ቀን ብትዘገዪ ኖሮ በሕይወት አታመጪውም ነበር አለችኝ።

አባ ማታ መጡ። ግዝቱን አፍርሷል አባ፣ ምን ይሻለዋል አልኳቸው። "በሽተኛ መድኃኒት አይገዘትበትም። ምን ያህል ትጠጣለህ ብዬ የጠየቅሁት ለዚህ ነበር" አሉና እዚያው አልጋው ራስጌ ቆመው ፈቱት። ለእኔ የሰጡኝ ንስሐ ሌላ ነው፣ እሱን አልናገርም።

ጋሼ ዑቅባ ኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ያዙኝ። "ተይ፣ ተይ። እኔም አጥፍቻለሁ። ከመጀመሪያው ለአንቺ መንገር ነበረብኝ። አስምሎኝ ነው።"

"ምን ብሎ?"

"ውቤ ከሰማች አታምነኝም፣ ልጄን ይዛ ትሄዳለች፣ ብሞት ይሻለኛል አለኝ።"

አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

እሑድ ጠዋት ሐኪሟ አደጋው አልፏል፣ አእምሮው ግን ለመጥራት አንድ ሁለት ቀን ይፈጅበታል አለች። ገብቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። እጁ በፋሻ ከአልጋው ብረት ጋር ታስሯል፣ መርፌውን እንዳይነቅል። ፊቱ በአንድ ሳምንት አሥር ዓመት አርጅቷል። ዓይኑን ገለጠና ወደ እኔ አየ። አላወቀኝም።

"ሲስተር" አለኝ።

ውባንቺ ነኝ ልል አፌን ከፈትኩና ተውኩት። "አቤት" አልኩት።

"ሚስቴ ውጭ ናት?"

"ውጭ ናት።"

"ክፉ ሴት እንዳትመስልሽ። እኔ ነኝ ብዙ የዋሸኋት።" ከንፈሩ ደርቋል፤ በጥጥ አረጠብኩለት። "ይሄ ግን ውሸት አልነበረም። መድኃኒት ነው። ማቆሜን አላቋረጥኩም። እኔ ብነግራት አታምንም፣ አንቺ ነጭ የለበስሽ ነሽ፣ አንቺን ትሰማለች። ንገሪያት።"

እኔ የለበስኩት በርበሬ የነካው ሽርጥ ነው። "እነግራታለሁ" አልኩት።

"ታምንሻለች?"

"ታምናለች።"

ረጅም ትንፋሽ አወጣ። ከሰኞ ጀምሮ እንዲህ ሲተነፍስ አላየሁትም። "እንግዲያው ትግባ፣ ጥሪያት" አለኝ።

ተነሳሁና ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ፊቴን በሽርጤ ጠራረግኩ፣ ፀጉሬን አስተካከልኩ፣ በሩን ቀስ ብዬ አንኳኩቼ ገባሁ።